ከየት እንደተጠራሁ

የያዙኝ ቡራዩ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁ ማግስት። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ለመያዝ ወጣት መሆን ይበቃ ነበር። መኪና ላይ ሲጭኑን አንዱ ፖሊስ ግራ ጆሮዬን በጥፊ መታኝ። ያጎሩን ክፍል የእርጥብ ሲሚንቶና የላብ ሽታ ነበረው። በግራ በኩል ከፉጨት ሌላ የምሰማው አልነበረም።

ጠዋት ቆጠራ ላይ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንቀመጣለን። ጠባቂው ከኋላችን እየተዘዋወረ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ወደ ድምፁ ዞሮ "አቤት" ይላል። ስጠራ ዞርኩ። ጠባቂው እዚያ የለም።

"ዶክተር፣ እዚህ ነኝ" አለ በሌላው በኩል እየሳቀ። የጤና ተማሪ መሆኔን ያውቃል። እንደ እንቁራሪት አዘለለኝ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ መጫወቻው ሆንኩ።

በቀኜ በኩል ኦቦ የምንላቸው የተፍኪ ገበሬ ይቀመጣሉ።

"አንድ ጆሮ ቀርቶልህ የለ? ለምን ትስታለህ?" አሉኝ።

ገና በዚያ ዓመት የተማርኩትን ነገርኳቸው። "ከሁለቱ ጆሮ የሚነሱት ነርቮች መልእክታቸው የአንጎል ግንድ ላይ ይገናኛል። ድምፁ የትኛው ጆሮ ጋ ቀድሞ ደረሰ፣ የትኛው ጋ በረታ የሚለው የሚመዘነው እዚያ ነው። የእኔ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚመጣ የሚያነጻጽረው የለም።"

"ዳኛው አንድ ወገን ብቻ ነው የሚሰማው በለኛ።"

"አዎ ኦቦ።"

"እኛን የያዘንም ዳኛ እንደዚያው ነው።" ሳቅን።

ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ነገ ከሚፈቱት ውስጥ አለህበት ይላሉ። ጠባቂውን አታስቆጣው። ወደ የት እንደምትዞር በጉልበቴ እጠቁምሃለሁ፤ ከነካሁህ ወደ እኔ ዙር፣ ካልነካሁህ ወደ ሌላው።"

"ቢያዩዎትስ?"

"ይዩኛ፣ ልጄ።"

በማግስቱ ስሜ ተጠራ። የኦቦ ጉልበት ቀኝ ጎኔን ነካኝ። መዞር እችል ነበር። ብዞር ማታ እናቴ ቤት ነኝ። ጠባቂውን ግን በሽማግሌ ጉልበት እየተመራሁ ልፈልገው አልወደድኩም።

"አቤት" አልኩ፣ ግድግዳውን እያየሁ።

"ወደ እኔ ዙር።"

"ተጠራሁ፤ አቤት አልኩ። ጆሮዬን የመታችሁት እናንተ ናችሁ። አልዞርም።"

ጠባቂው ቀጥሎ ኦቦን ጠራ። እሳቸውም ግድግዳውን እያዩ "አቤት" አሉ። ከእሳቸው በኋላ የተጠሩትም አልዞሩም። ጠባቂው በመጨረሻ በእኔና በግድግዳው መካከል ገብቶ ፊቴን አየ። የሚፈቱት ያለ እኔ ወጡ።

ጆሮዬ እስከ ዛሬ አልዳነም። መንገድ ላይ ሰው ሲጠራኝ ከየት እንደሆነ አላውቅም። እቆማለሁ። የሚፈልገኝ ሰው ፊት ለፊቴ ይመጣል።