አዳዳ ከማማው የወረዱበት ጥቅምት

የአባቴን እህት «አዳዳ» እያልን እንጠራቸው ነበር። በእኛ አገር ኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ስንናገርም ቃሉን አልለወጥነውም። አባቴ ከሞተ በኋላ ከእሱ ወገን የቀሩኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለዚህ ይመስለኛል፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ከሚሴ አስተማሪ ሆኜ እንደተመደብኩ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሳልጨርስ የእሳቸው ዕድሜ ያሳስበኝ የጀመረው።

የሚኖሩት በጨፋ ሸለቆ፣ ከሮቢት ወዲህ፣ ብቻቸውን ነው። ሴት ልጆቻቸው ራቅ ብለው ተድረዋል። ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር በየማለዳው የሱብሂን ሶላት ሰግደው ማማ ላይ ይወጣሉ። ማማ በማሳው መካከል በአራት ረጃጅም እንጨቶች ላይ የሚሠራ የወፍ መጠበቂያ ነው። እዚያ ላይ ቆመው ወንጭፍ ይወረውራሉ፣ ይጮሃሉ። በየጎረቤቱ ማሳም እንዲሁ ሰው አለ። የመጀመሪያው የወፍ መንጋ ተባሮ ጋብ ሲል ከላይኛው ማሳ አንዱ «አከም ቡልተን?» ይላል፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። የሚቀጥለው «ነጋ» ብሎ ደኅና ማደሩን ይመልስና ጥያቄውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ሰላምታው እንዲህ ከማማ ወደ ማማ እየተሻገረ እስከ ቦርከና ዳር ይወርዳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። የወሬ ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ መሰላሉን ሲወጡ ከታች ሆኜ አየኋቸው። ሦስተኛው መርገጫ ላይ እግራቸው ከዳቸው። በሁለት እጃቸው ተንጠልጥለው ቆዩና እንደገና ረገጡ። ያን ቀን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከከሚሴ ሱቆች ባዶ ጣሳ ሰብስቤ መጣሁ። ጣሳዎቹን በረጅም ገመድ ላይ በክንድ በክንድ ርቀት አሰርኩና በአዳዳ ማሳ ላይ ዘረጋሁ። የገመዱን ጫፍ የአጎቴ ልጅ ማማ ላይ አደረስኩት፤ ማሳው ከእሳቸው ጋር ይዋሰናል። እሱ ከራሱ ማማ ሳይወርድ ገመዱን ሲጎትት ጣሳው ሁሉ ይንጫጫል፤ አንድ ሰው ሁለት ማሳ ይጠብቃል ማለት ነው። አሠራሩን ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። ሦስተኛ ስጀምር፣

«ገብቶኛል መምህር፣ ፈተና ልታወጣ ነው እንዴ?» አለኝ።

የአዳዳን መሰላል አንስተን እሱ ቤት አስቀመጥነው። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

«ጡረታ ያወጣኸው ወፉን ነው እኔን?» አሉ።

«እግርዎ እኮ ከዳዎት፣ አዳዳ። ቢወድቁስ?»

«ወድቄ አላውቅም።»

«እስካሁን ነዋ።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ማንን ላናግር?»

«እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣ የለ?»

«ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስንት ጠዋት እንዳለ አታስተምርም እንዴ፣ ኢልመ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። አፋቸው ይስቃል፤ ዓይናቸው ግን መሰላሉ ቆሞበት ከነበረው ቦታ አልተነሣም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ደኅና ነበሩ፤ ጥንቅሽ ልጠው ሰጡኝ። በሌላው ቅዳሜ ግን ኢንስፔክተር ይመጣል ተብሎ ትምህርት ቤት ውስጥ መዝገብ ሳስተካክል ዋልኩ። ሰኞ ረፋድ ላይ የአጎቴ ልጅ ለጉዳይ ከሚሴ መጥቶ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ጠራኝ።

«አዳዳ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ደኅና ናቸው።»

«አይተሃቸዋል?»

«ጣሳውን በየቀኑ እየጎተትኩ ነው። ማሳው ደኅና ነው።»

«ስለ ማሳው አልጠየቅኩህም። እሳቸውን መቼ ነው ያየኸው?»

«ድምፃቸውን ስሰማ ነበር እኮ ደኅንነታቸውን የማውቀው። አሁን ማማ ላይ አይወጡም። አንተ አይደለህ ያወረድካቸው?» የተቆጣ አይመስልም፤ ቀን እየቆጠረ ነበር። «ከሐሙስ ወዲህ አላየኋቸውም» አለ በመጨረሻ።

ዲሬክተሩን አስፈቅጄ ከእሱ ጋር በጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ነገርን በተራ በተራ ማሰብ ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን ሐሳቤ ከሐሙስ ይነሣል፣ ዓርብ ላይ ይቆማል፣ ተመልሶ ሐሙስ ላይ ይወድቃል። ከመኪናው ወርደን በማሽላው መካከል ስንሮጥ ከሩቅ ማሳ ሰው ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። አዳዳ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ አጠገባቸው ያለው ቅል ባዶ ነው። ዓይናቸውን በግድ ገለጥ አድርገው፣

«ዛሬ ቅዳሜ ነው?» አሉኝ።

ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙልን። ከሚሴ ክሊኒክ ያለው ድሬሰር ወባ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠን፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ። ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ አንድ ነገር ነገሩኝ፦ በየጠዋቱ ከአዳዳ ማሳ የጣሳውን ድምፅ ሲሰሙ፣ እሳቸውም እንደ ወትሮው ያሉ መስሏቸው ነበር። ቸል ያለ ሰው አልነበረም። ያ ከማማ ወደ ማማ የሚሻገረው ሰላምታ ሰውን የሚጠብቁበት መንገድ ነበር፤ እኔ የወፉን ሥራ ብቻ አይቼ እሱን ቆረጥኩት።

ከእኔ ጋር ከተማ እንዲቀሩ ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ሆነን ከደረት የማይበልጥ ዝቅተኛ ማማ ሠራንላቸው፤ ሦስት ሰፋፊ መርገጫ ብቻ አለው። ሰላምታው ሲደርሳቸው ካልመለሱ በአቅራቢያው ያለው ሁሉ እንዲመጣ ተስማማን።

አንድ ጠዋት አልመለሱም። ከሦስት ማሳ ሦስት ሰው እየሮጠ መጣ። እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ይታጠባሉ።

«ሰው አንድ ቀን እንኳ ማርፈድ አይፈቀድለትም?» አሏቸው አሉ።

ይህን የአጎቴ ልጅ የነገረኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው፣ እየሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰዎቹ በሚሮጡበት ሰዓት እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ ስለ ክፍልፋይ እያስረዳሁ ነበር።

«ማሽላው ሲታጨድስ?» አልኩት። «ሁሉም ከማማው ሲወርድ ማን ይጠራቸዋል?»

እሱም ሳቁን አቆመ።