ነጩ ጋዋን

ጓደኞቹ «ሌባው» ይሉታል፤ በፍቅር ነው። ከሰኞ እስከ አርብ የባንክ ጥበቃ ነው፤ የሰው ገንዘብ ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸብቷል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፊልም ላይ ይሰርቃል። ቦርሳ ነጥቋል፣ መኪና ሰብሯል፤ አንዴማ ገና ምንም ሳይሰርቅ ተተኩሶበት ሞቷል። ምን ያድርግ፣ የሚኖረው በነጮች አገር፣ ቆዳው ጥቁር ነው። ዳይሬክተሩ ዘንድ ጥቁር ከሆንክ ሌባ ነህ፤ ካልሆንክ የሌባ ወንድም ነህ፤ እድል ከቀናህ ደግሞ የሚጨፍር ሌባ ትሆናለህ።

እስካሁን ነገሩ ሳቅ ነበር። አሁን ግን ሴት ልጁ ልታገባ ነው። የወደፊት አማቶቿ ነጮች ናቸው፤ እሱን የመሰለ ሰው የሚያውቁት በፊልም ብቻ ነው። ጨነቀው።

«ጌታዬ፣ ልጄን ልድር ነው። እባክህ አንዴ ብቻ ሰው አድርገኝ» ብሎ ዳይሬክተሩን ለመነው።

ዳይሬክተሩ ራራለት፤ ምን ቸገረው! ነጭ ጋዋን አለበሰውና «ሐኪም ነህ። በሽተኛ ሊሞትብህ ነው፤ በኮሪደሩ ሩጥ» አለው።

እንዴት ያለ ሩጫ ሮጠ መሰላችሁ! የጉልበቱን ሕመም ማን አስታወሰው። ሲጨርስ የመብራት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡለት።

ፊልሙ የወጣ ቀን አማቶቿን ሲኒማ ቤት ጋበዘ። ክራቫቱን አስሮ መሃላቸው ተቀመጠና «አሁን እመጣለሁ፣ አሁን» እያለ በክርኑ ጎሸም ያደርጋቸው ጀመር።

መጣም። ከእሱ በፊት ግን ጨርሶ ያልሰማው ነገር መጣ፤ ከሆስፒታሉ ካዝና ገንዘብ ጠፍቶ ነርሷ ጮኸች። ወዲያው እሱ በዚያ ኮሪደር፣ በዚያ ጋዋን ይሮጣል። ከኋላው፣ እሱ በሮጠ ዕለት ያልነበሩ ፖሊሶች ይከተሉታል። ለካ ሩጫውን ቆርጠው ከሌላ ታሪክ ጋር ቀጥለውታል!

«ባለ ጋዋኑን ያዙት! ሐኪም አይደለም!» ይላል አንዱ ፖሊስ።

ሙዚቃው ልብ ይሰቅላል። አዳራሹ በሙሉ «ያዙት! ያዙት!» ይላል። እሱም የስንት ዓመት ጥበቃ አይደል፣ ብድግ ብሎ «ያዙት!» ሲል ራሱን ሰማው። ኩምሽሽ ብሎ ተቀመጠ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

መብራት ሲበራ የሙሽራው እናት ፊቷ በደስታ በርቶ እጇን ዘረጋችለት።

«ጎበዝ ነዎት! እውነት እኮ ነው የሚመስለው!»

ከልቧ ነው ያለችው። በሌላው እጇ ግን፣ በእሱ በኩል የነበረውን ቦርሳዋን አንስታ ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችው።