የሙሱን ወር ማን መረጠው?

ዳዊት የቀረጸውን ቪዲዮ እያያችሁ ስትስቁ ሰምቻችኋለሁ። እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ ደግሞ ከብባችሁኝ «ቲቸር፣ እኛም ሙስ ልናድን ነው፤ ቤስት ታይሙ መቼ ነው?» አላችሁኝ። እነግራችኋለሁ። ግን ቪዲዮው የማያሳየውንም ጭምር ነው የምነግራችሁ፤ ዛሬም ሳወራው ደሜ ይፈላል።

ጊዜው መስቀል ያለፈበት ሳምንት ነበር። ከካሊፎርኒያ፣ ከቤይ ኤሪያ የሄድነው ሦስት ነን። እኔ ያው እንደምታውቁኝ ኦክላንድ አስተምራለሁ፤ አጋዘን ማደን ከጀመርኩም ቆይቻለሁ። ዳዊት ጓደኛዬ ነው፤ ነበረ ልበል፤ ኒውአርክ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሱፐርቫይዘር ነው። ሦስተኛው ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት፣ ሥራቸው ሾፌርነት ነው። በጋውን ሙሉ ለአደኑ ልምምድ ጀርባችን ላይ አሸዋ የሞላ ቦርሳ አዝለን ከካስትሮ ቫሊ በላይ ያለውን ኮረብታ ስንወጣ፣ ከፊት የሚቀድሙት ጋሽ በቀለ ነበሩ። «እናንተ የኮምፒውተር ልጆች፣ ኑ እንጂ!» እያሉ ይሰድቡናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ሙስ የአጋዘን ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን ከፈረስ ይበልጣል። እኛ ያለንበት ካሊፎርኒያ ውስጥ አይገኝም፤ የሄድነው ወደ ሰሜን ካናዳ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለውጭ ሰው ያለ አስጎብኚ ማደን አይፈቀድም። የእኛ አስጎብኚ ሮይ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። በስልክ እንዲህ አስረዳን። የአደን ወቅቱ እንደተከፈተ ከሄዳችሁ ቅጠሉ ገና ስላልረገፈ እንስሳው አጠገባችሁ ቆሞ አታዩትም፤ ሙቀቱም ስጋውን ያበላሸዋል። መስከረም ላይ ኮርማው እንስት የሚፈልግበት ጊዜ ነው፤ በእንስቷ ድምፅ ከጠራችሁት ራሱ እየሮጠ ይመጣል። ግን አይበላም፣ አይተኛም፣ ዛፍም ይሁን ሰው ፊቱ የቆመውን ይወጋል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ደግሞ በረዶ ይወርዳል፤ ዱካው እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ ኮርማውም ደክሞና ቀዝቅዞ ይገኛል። ከስቶ ይሆናል እንጂ ሰው አይተናኮልም።

እኔ ጥቅምት አልኩ። ሙስ አድነን አናውቅም፤ ከሦስታችን አንዱ ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። ዳዊት ግን ደውሎ «አይሆንም ብሮ» አለኝ። «ጋሽ በቀለ ጽጌን ይጾማሉ። ከጾሙ በፊት ካልሆነ አልሄድም ብለዋል። ሬስፔክት ማድረግ አለብን። ቡክ አድርጌዋለሁ።»

የጽጌ ጾም መስከረም መጨረሻ ገብቶ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው የሚያልቀው፤ የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚጾም ይጾማል፣ የማይጾም ይተወዋል። ጋሽ በቀለ ጋ ደውዬ ላረጋግጥ እችል ነበር። ግን ትልቅ ሰውን ስለ ጾሙ መጠየቅ ነውር ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እናንተም ቤት እንደዚያው ይመስለኛል። ሳልደውል ሄድን።

ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ ረግረጉ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ነፋሱ ወደ እኛ ይመጣል፤ ጠረናችን ሙሱ ጋ አይደርስም ማለት ነው። ሮይ ጭቃው ውስጥ የሰኮና ምልክት አሳየን፤ መዳፌን ብዘረጋበት አልሸፈነውም፤ ውሃ ገና ሰርጎ አልሞላበትም፤ አሁን ያለፈ ነው። አጠገቡ የአንድ ዛፍ ልጥ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ሮይ የልጥ ጥቅልል አፉ ላይ አድርጎ እንደ እንስቷ ጮኸ። ከአኻያው ቁጥቋጦ ውስጥ አጭር ማጉረምረም መለሰለት። ቀንዱ ቅርንጫፍ ሲሰብር እየሰማን ነው ብቅ ያለው። ጆሮውን ወደኋላ አጥፏል፣ የጫንቃው ጠጉር ቆሟል፣ ምላሱን ያወጣል። ሮይ «ተኩስ» አለኝ፤ ተኮስኩ። ኮርማው ትንሽ ተራመደና አኻያው ውስጥ ወደቀ።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አለ ሮይ፤ በጣቱ መሬቱን እያሳየን። የወደቀ ሙስ ሞተ ማለት አይደለም። ዝም ብላችሁ ከጠበቃችሁት እዚያው ያልቃል፤ ከሄዳችሁበት ይነሣል።

ግን እኛ ዘንድ ሌላ ነገር አለ። በክርስቲያን እጅ፣ በስመ አብ ተብሎ ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ ስጋው በክት ነው። ጋሽ በቀለ ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ ያያሉ፤ እንስሳው ይተነፍሳል። እጃቸው ወደ ካራቸው ሄደ። ቢሆንም ቆመው ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ ቆመው ነበር! ዳዊት ነው በጆሯቸው «ጋሼ፣ ነፍሱ ሳትወጣ! ይሂዱ፣ እኔ እቀርጽዎታለሁ» ያላቸው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ስልኩን ደግኖ!

«ጋሽ በቀለ፣ ይመለሱ!» ብዬ ጮኽኩ። ካራቸውን መዘው «በስመ አብ» እያሉ ገቡ። ኮርማው ተነሣ። እንደዚያ ያለ ትልቅ ነገር በዚያ ፍጥነት ይነሣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በቀንዱ ጠርጎ ጣላቸው፤ ቀጥሎም በፊት እግሮቹ ይረግጣቸው ጀመር። አነጣጠርኩ፤ መስመሬ ላይ የሳቸው ብርቱካናማ ሰደርያ አለ። ጣቴን ከምላጩ አነሣሁ። ሮይ በጭቃው ወደ ጎን ሮጦ በቅርብ ተኮሰ። ኮርማው አጠገባቸው ተዘረረ።

ስደርስ ፊታቸው ጭቃ ለብሷል፤ ቀኝ እግራቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጎንበስ አልኩ። «ይተነፍሳል? ካራዬን አቀብለኝ» ይሉኛል! በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። «አርፈህ ተኛ! ልትሞት ነበር እኮ!» አልኳቸው፤ አንቱታውን ከየት ላምጣው። ከኋላዬ ዳዊት እየተደነቀ «ሆሊ!» ይላል፤ ስልኩን ገና አላወረደም። እናንተ የሳቃችሁት እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ሽማግሌውን «አንተ» ስል።

ሄሊኮፕተር መጥቶ ወሰዳቸው። ስጋውን በክት ስላልን ለሮይ ጎረቤቶች ተውንላቸው። በማግስቱ ሆስፒታል ገባሁ፤ ዳዊት በሩ ላይ ቆሟል። ጭናቸው በብረት ተገጥሟል፤ ጎድናቸው ተሰብሯል። ላጽናናቸው ብዬ «ምን ይደረግ፣ ጾሙ ባይገባ ኖሮ በጥቅምት እንመጣ ነበር» አልኳቸው።

«የምን ጾም?» አሉ።

«ጽጌ። ከጾሙ በፊት ካልሆነ አልሄድም ብለው የለ?»

«እኔ?» ቀና ሊሉ ሞክረው አቃሰቱ። «ማነው እንዲህ ያለው? መቼ ጠየቃችሁኝና? ጋራዥ ውስጥ ሰው የሚያስተኛ ፍሪዘር አለኝ ልጄ። ለገና እበላዋለሁ ብዬ ቦታ አስለቅቄ ነው የመጣሁት።»

ዞርኩ። ዳዊት ጣራ ጣራውን ያያል። ኮሪደር ላይ አውጥቼ ያዝኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «ብሮ፣ በረዶ ላይ ደክሞ የቆመ ኮርማ ምኑ ይቀረጻል?»

እንግዲህ መልሱ ይኸው። በረዶ ከወረደ በኋላ ሂዱ፤ ኮርማው ንዴቱ ሲበርድለት። ከዚያ በፊት ግን አስጎብኚው በስልክ መስመር ላይ እያለ እያንዳንዱ በራሱ አፍ ይናገር፤ ሽማግሌውም ጭምር። መቼ መሄድ እንደሚችል፣ ምን እንደማይበላ፣ እንስሳው ሲወድቅ ምን ሊያደርግ እንደሚፈልግ ይናገር። ነውር ነው ካላችሁ ቤታችሁ ተቀመጡ። እኔ ከዚያ ወዲህ ማንም ስለሌላ ሰው ጾም እንዲነግረኝ አልፈቅድም፤ ቀጥታ ደውዬ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ ይቆጣ።

ጋሽ በቀለ መንዳት ትተዋል፤ እግራቸው ፍሬን ላይ አይጸናም። ዳዊትን ግን ይቅር ብለውታል፤ ቤታቸው እየመጣ ይበላል ይጠጣል።

እኔ ገና ነኝ።