ሙሉካ ጎባ ሄዳ ነበር የምትታመመው

ባሌ ሮቤ ገበያ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል የምትሸጠው ሙሉካ የጊኒር ልጅ ናት። እኔ ፋናዬ ከጎኗ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ኢብቲሳምን ብቻዋን አሳድጋ ኮሌጅ አስጨርሳለች። ሰፈሩ በኦሮምኛ “ሃዳ ኢብቲሳም”፣ የኢብቲሳም እናት፣ ይላታል። ሰው አታምንም። ጊኒር ተመዝኖ የመጣላትን ጆንያ ሮቤ ላይ ደግማ ሳትመዝን አትፈታውም። እኔንም ያመነችኝ ወዳ አይደለም፤ አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ስትወድቅ ከእኔ በቀር ያያት ስላልነበረ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት።

እኛ አገር ሰው የሚያሳፍር በሽታ ሲይዘው በከተማው አይታከምም። የሮቤ ሰው ጎረቤት ከተማ ጎባ ይሄዳል፣ የጎባ ሰው ሮቤ ይመጣል። ሚኒባስ ውስጥ ሲገናኙ ሁሉም “ዘመድ ልጠይቅ ነው” ይላል። ማንም አያምንም፤ ማንም ደግሞ አይጠይቅም። ለሙሉካ ግን ጎባም አልበቃትም። ጤና ጣቢያ ስሟን ሲጠይቋት “ሽቶ አሊዪ” ብላ ተመዘገበች። “ሽቶ!” ተብሎ ሲጠራ ረስታው ዝም ብላ ትቀመጣለች።

“ተነሺ እንጂ፣ አንቺን ነው” እላታለሁ በክርኔ እየጎሸምኳት።

“ኧረ ለካ! ምናለ ቀለል ያለ ስም ባወጣሁ።”

እንዲህ እያደረገች ኪኒኗን ስታመጣ ኖረች። እሱን እስከዋጠች ድረስ አትወድቅም።

አምና ጤና ጣቢያው ወረቀቱን ትቶ ኮምፒውተር አስገባ። ሠራተኛው ስልክ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ ጠየቃት። ሽቶ አሊዪ መታወቂያ ከየት ታመጣለች? “ቤት ረሳሁት” ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

“ፋኔ፣ ወረቀት ካስቀመጡት መደርደሪያ አይነቃነቅም” አለችኝ። “ይሄኛው ግን ጎባ ሲጽፉት ሮቤ ይነበባል። ሮቤ ደግሞ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ።”

አውቃለሁ። ሮቤ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ለሚ አለ። ለሚ ኢብቲሳምን ላጫት ለከማለዲን የአክስቱ ልጅ ነው። በሽታው በዘር ይሄዳል ይባላል፤ ከተሰማ ኒካው ይቀራል።

“ኪኒኑስ?”

“ሠርጉ ይለፍ። ከዚያ አላህ ያውቃል።”

አንዴ መከርኳት፤ እምቢ ስትል ተውኩት። የፈራ ሰው ምክር አይሰማም። እኔም ብሆን ኮምፒውተሩን አላመንኩትም።

ከወራት በኋላ ገበያው በሞላበት ቀን ሙሉካ አዝሙዱ ላይ ወደቀች። ሰው ከበባት።

“ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!”

“አትንካት አንተ፣ ይጋባል!”

“ፀሐይ መትታት ነው” አልኩ።

“በዚህ ብርድ?” አለችኝ አንዷ ሻሿን እያጠበቀች። “የባሌ ፀሐይ ራሷን ማሞቅ አቅቷት!”

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ለሚ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

“ሃዳ ኢብቲሳም! ምን ሆኑ?”

መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ አስተኛናት። ወንዶሰን የሚባለው ሐኪም፣ የመሀል አገር ልጅ ነው፣ መዝገቧን አውጣ አለው። ለሚ ኮምፒውተሩን አየና “እዚህ ለጨጓራ የታከሙት ብቻ ነው ያለው” አለ።

“ጎባ የታከመ ሰው እዚያ ላይ አይታይም?” አልኩት እየፈራሁ።

“አይታይም እትዬ። የነሱ ለነሱ፣ የኛ ለኛ ነው። ገና አልተገናኘም።”

ያን ሁሉ ወር የሸሸችው ነገር ለካ ጭራሽ አያያትም ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ አልጋው ላይ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች።

“ምን መድኃኒት ነበር የሚወስዱት?” አለ ሐኪሙ ጮክ ብሎ። “ካልነገራችሁኝ በምን ልወቅ?”

ለሚን አየሁት። ቆሞ ይሰማል። ዝም ብል እሷን ላጣት ነው፤ ብናገር የልጇ ትዳር ሊፈርስ ነው።

“ጎባ ጤና ጣቢያ” አልኩት ሐኪሙን። “ሽቶ አሊዪ በሚል ስም ጠይቅ። የሚጥል ነው፤ ኪኒኑን አቁማለች።”

ሐኪሙ መርፌ አዘዘና ጎባ ደወለ። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተዋት፤ ተኛች።

ነቅታ ማን ፊት እንደተናገርኩ ስትሰማ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከሆስፒታል ከወጣችም በኋላ ሰላምታ ነፈገችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ራሷ መጣች።

“ለሚ ሳይቀድመኝ ለከማለዲን እናት እኔ ልንገራት። ተነሺ፣ አብረሽኝ ነይ።”

የከማለዲን እናት ዙቤዳ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች።

“ማን ማን ያውቃል?”

“ፋናዬ፣ ሐኪሙ፣ ያንቺ ለሚ።”

“ለሚ? ትናንት እዚሁ ምሳ በልቷል። ትንፍሽ አላለም።” ሙሉካን አተኩራ አየቻት። “ልጅቷስ?”

“ወላሂ፣ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም።”

“እንግዲህ ኒካው ባለበት ይሁን። አንቺ ግን ጎባ ታከሚ። ሮቤ ላይ ይሄን ነገር እንዳታስጽፊ።”

ከግቢው እንደወጣን ሙሉካ ክንዴን ያዘች።

“ነግሯታል።”

“ማን?”

“ለሚ ነዋ! አልደነገጠችም እኮ፣ አላየሻትም?”

“ምናልባት ልጁ አፉን የሚይዝ ይሆናል።”

“አንቺ ደግሞ! ካርድ ክፍል ተቀምጦ አፉን የሚይዝ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?”

እውነቱን እኔም አላውቅም።

በማግስቱ ጎባ ሄድን። መታወቂያዋን በመስኮቱ አቀበለች፤ “ሙሉካ አደም” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሠራተኛው ጽፎ ሲጨርስ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

“ወዲህ አዙረው እስቲ፣ የጻፍከውን ልይ።”

እየሳቀ ስክሪኑን አዞረላት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔን ገፋችኝ። ስሟን ፊደል በፊደል አነበብኩላት።

“ከሥሩስ?”

ከሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት።

“ስለ በሽታሽ ይሆናል።”

“ምን ይላል?”

“እኔ እንጃ።”

ሠራተኛውን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

“እንግዲህ ምን እንደተጻፈብኝ የማላውቀው እኔዋ የበሽታው ባለቤት ነኝ ማለት ነው” አለች። ኪኒኗን ተቀብላ እዚያው እንደቆመች አንዱን ዋጠች።