ያልተበላው ዘር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልብስ ስፌት የምትሠራው ልጃችን፣ አገር ቤት የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ ነን።

ድሮ ለወንድሜ ብር የምልከው ለፋሲካ ብቻ ነበር፤ ጠቀም አድርጌ። እሱም ቅርጫ ይገባበታል፣ ጎረቤት ይጠራበታል። ክረምት ሲቃረብ ግን ቤተሰቡ ይራብና ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ አስፈጭተው ይበሉታል። የሚዘራው ሲያጣ ምርቱን እኩል ሊካፈል መሬቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። እኔም ሰነፍ ነው እያልኩ እፈርድበት ነበር።

«አባዬ፣ የፋሲካ ብር እስከ ክረምት አይደርስም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንላክለት» አለችኝ ልጄ።

«ደመወዝ የለመደ ገበሬ ሞፈር አይጨብጥም።»

«አንተስ ደመወዝ ስለምትቀበል ሥራ ፈተሃል?» አለች ባለቤቴ።

ከዚያ ወዲህ የፋሲካውን ትተን ወር በገባ ቁጥር እኔና ልጄ አዋጥተን ሺህ አምስት መቶ ብር በስልክ እንልካለን። ደክሞናል። እኔ ታክሲ ትቼ ከሀና ማርያም እስከ ሀይሌ ጋርመንት በእግሬ እመላለሳለሁ። ባለቤቴም የወለቀ ጥርሷን ሳታስተክል ቀርታለች።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ወንድሜ ደወለ። «ጋሼ፣ ዘሩን አልበላነውም። መሬቴን ራሴ ዘራሁት።»

ሚስቱ ከጎኑ ሆና «የፋሲካው ሥጋ ግን ቀርቶብናል በልልኝ» ስትል ሰምቼ ሳቅሁ።

ሰው የሚሰንፈው ሲረዱት ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን ከሞፈሩ ያራቀው ግን ረሃብ ነበር።

የሁለት ዓመቱን ስደምረው ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር፣ የባለቤቴ ጥርስና የእነሱ የፋሲካ ሥጋ ሆነ።