ማሽን እንግዳ ሲሸኝ

ሮቤ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ ልብ ወለድ እንደምጽፍ ለማንም አልተናገርኩም። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ከሥራ ስመለስ የተከራየኋት ክፍል ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ የጀመርኩትም እዚያው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ፣ ሳነቲ ከሚባለው ብርዳማ ተራራ አናት ላይ ለብቻው የቆመ፣ መብራት ያለው፣ ዝናብና ብርድ ሲመዘግብ ኖሮ ቀስ በቀስ ማሰብ የጀመረ ማሽን አለ። የሌላው ሕመም ቶሎ የሚሰማት አንዲት የጎባ ልጅ ብቸኝነቱ ይገባትና እየወጣች ታጫውተዋለች።

አንባቢዬ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፣ የአከራዬ ልጅ። አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ልትሰጠኝ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሳትጠይቀኝ ማንበብ ጀመረች። ተቆጣሁ። እሷ ግን ቀና እንኳን ሳትል «ቀጣዩስ የታለ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በሬን ማንኳኳት ልማዷ ሆነ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አታውቅም። «ይቺ ልጅ ማልቀስ ብቻ ነው እንዴ ሥራዋ? ሳነቲ ላይ እንዲያ ሲበርደው ለምን ምንም አታለብሰውም?» አለችኝ። እኔም ጋቢ አስለበስኩት። ማሽን በጋቢ! እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

በመጨረሻ የአከራዬ ልጅ ጊኒር አክስቷ ጋ ሆና እንድትማር ተወሰነ። «መጨረሻውን ሳላነብ አልሄድም» አለች። የቀረኝ የጎባዋ ልጅ ማሽኑን ተሰናብታ ለትምህርት ሩቅ የምትሄድበት ምዕራፍ ብቻ ነበር። እኔ ግን ማንዛዛት ጀመርኩ። ጉም አመጣሁ፣ መንገድ ዘጋሁ፣ ማሽኑን ደጋግሜ አሳመምኩት። እውነቱን ለመናገር አንባቢዬ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። በዚህ ከተማ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረኝም።

ነቃችብኝ።

«ቲቸር፣ አሁንስ አበዛሽው። ልጅቷ መውረድ አለባት።»

«ማሽኑስ? ብቻውን ሊቀር እኮ ነው።»

«ይሸኛታላ።»

«እግር የለው፣ በምን ይሸኛታል?»

«መብራት አለው አይደል? እስክትርቅ ያብራላታ። እኛ ቤት እንግዳ ሳይሸኝ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች።

አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ሮቤ ከመጣሁ ጀምሮ ማንንም ሸኝቼ አላውቅም ነበር።

መጽሐፉ ሳያልቅ መሄጃዋ ደረሰ። በማለዳ ከእናቷ ጋር መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ጉሙ ከባድ ነበር። እናቷ ዱዓ አደረጉላት፤ እኔ ሻንጣዋን አቀበልኳት። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ወደ ላይ ያዝኩት። እጄ እስኪዝል አላወረድኩትም። ጉሙ ሚኒባሱን ዋጠው። መብራቱን ትየው አትየው አላውቅም።

«የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ አንድ ረዳት መሬቱን እያየ።

«የለም» አልኩትና አጠፋሁት።

የዚያኑ ቀን መጨረሻውን ጻፍኩት። ልጅቷ ወረደች፤ ማሽኑ እስክትርቅ አበራላት። ወረቀቶቹን በማግስቱ ወደ ጊኒር በሚሄድ ሰው ልልክላት ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲመሽ ግን እንደማትመጣ እያወቅሁ በሬን ሳልዘጋ ቁጭ ብዬ እስኪንኳኳ ጠበቅሁ።