ጎረቤቴ በወገቧ ይዛው የምትሄደው

ሐኪሙ "ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ ካልተራመድሽ መድኃኒት እጨምርብሻለሁ" ሲለኝ መጀመሪያ የነገርኩት ለጎረቤቴ ነው። በስደት አገር፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ በሠራ ቁጥር ሰው በሚገረምበት ሕንፃ ውስጥ በአንድ ፎቅ ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ የደሴ ሙስሊም፣ እሷ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እመብርሃንን ሳትጠራ የማትነሳ የማትቀመጥ። "ብቻሽንማ አትሄጂም፤ የእኔም ሆድ እየቀደመኝ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ስኒከሯን አድርጋ በሬን አንኳኳች።

የምንሄደው ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባለው መንገድ ነበር። ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማማዎች የተሰለፉበት ረጅም ሜዳ ነው፤ መሐሉ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት አስፋልት ተነጥፎበታል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ሽቦዎቹ ከላይ እንደ ንብ ያጉረመርማሉ። እሷ ሁልጊዜ ትቀድመኝ ነበር። እጆቿን እንደ ወታደር እየወነጨፈች፣ ያገኘችውን ውሻ ሁሉ እየደባበሰች፣ ወሬዋ ሳያልቅ ቤት እንደርሳለን። ባሏን ግን ብዙም አታነሳቸውም። በዕድሜ ይበልጧታል፤ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው። ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ወገባቸው ተጎድቶ ቤት ከዋሉ ቆይተዋል።

በረዶ ሊጀምር ሲል ጠባይዋ ተለወጠ። መጀመሪያ ያየሁት የወገብ ቦርሳውን ነው። ጥቁር ነው፤ ከጃኬቷ ሥር ሆዷ ላይ አጥብቃ ታስረዋለች። ስልኳን የያዘችበት መስሎኝ ዝም አልኩ። ግን እጇን መወንጨፍ ተወች። ግራ እጇ እንደ ነፍሰ ጡር ሴት እጅ ሆዷ ላይ ቀረ። ውሻ ሲመጣ መንገድ ትለቃለች። ደክሞኝ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ እሷ ቆማ ትጠብቀኛለች። ወሬዋም ነጠፈ። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆም ብላ የብላክ ክሪክን ውሃ ቁልቁል አየችና፣

"ይሄ ወንዝ በጋ ላይ ይደርቃል እንዴ?" አለችኝ።

"ልጆች ጫማቸውን አውልቀው ይሻገሩታል። ምነው?"

"ምንም።"

ካንሰር ነው ብዬ ደመደምኩ። ሐኪም አንድ ነገር ነግሯታል፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ነው የምትይዘው አልኩ። ካልነገረችኝ አልጠይቃትም ብዬ በዱዓዬ ብቻ ያዝኳት።

የወደቀችው መንገዱ እንደ መስታወት በረዶ የሠራ ዕለት ነው። ከፊቴ አንሸራተታትና በጎኗ ዘጭ አለች። ስትወድቅ ያልጠበቅኩት ድምፅ ሰማሁ፤ ብረት አስፋልት ሲመታ። ጎንበስ ብዬ ወገቧን ይዤ ላነሳት ስል፣

"አትንኪው!" ብላ ጮኸች።

እጄ ግን ቀድሞ ነበር። በጨርቁ ላይ ነካሁት። ጠንካራና ማዕዘን ያለው ነገር ነው።

"ምንድን ነው እሱ?"

መሬት ላይ እንደተቀመጠች ግራ ቀኙን አየች። ማንም አልነበረም። ዚፑን እስከ ግማሽ ሳበችው። ጥቁር የሽጉጥ እጀታ ብቅ አለ።

ልጅ ሆኜ የቀበሌ ሰዎች ወገብ ላይ ሽጉጥ አይቻለሁ። ያኔ አይተን እንዳላየን ዓይናችንን እንመልስ ነበር። አሁንም ዓይኔን መለስኩ።

"የባሌ ነው" አለች። "ሕጋዊ ነው፣ ላይሰንስ አለው። ድሮ አብሮት የሚሠራ ሰው ኢላማ መተኮስ ለምዶ እሱንም ይዞት ይሄድ ነበር። ሌላው ሰው ዓሣ ለማጥመድ እንደሚሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ክለብ ይሄዱ ነበር።"

"ታዲያ ካንቺ ሆድ ላይ ምን ያደርጋል?"

በረዶውን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች።

"ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ክለቡን ተወ። ማጽዳቱን ግን አልተወም። በየቀኑ ከብረት ሳጥኑ ያወጣዋል፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ይጠርገዋል፣ ይመልሰዋል። አንድ ቀን እሱን እየጠረገ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ 'ልጅቷ ደርሳለች፤ አንቺም ጠንካራ ነሽ፤ ያለ እኔ አይከብዳችሁም' አለኝ።"

የተናገረችው ገባኝ።

"ከሰዓት እኔ ሥራ ስገባ ልጄ ከኮሌጅ ተመልሳ እቤት ናት" አለች። "ብቻውን የሚሆነው ካንቺ ጋር ስወጣ ነው። የእንቅልፍ ክኒኑ እስኪለቀው አይነሳም። የሳጥኑን ቁልፍ የት እንደሚያኖር አውቃለሁ። ይዤው እወጣና ሳይነቃ እመልሰዋለሁ።"

"ለምን ትወጫለሽ ታዲያ? እቤትሽ ቁጭ አትይም?"

"ድንገት ብቀር ምን ሆንሽ ይለኛል። እየጠበቅኩት መሆኔን ካወቀ ይብስበታል። ደግሞ ይቺን አየር ካጣሁ እኔ ራሴ አብዳለሁ።"

"ጥይት አለው?"

"ጥይቱን ደብቄበት ነበር፣ ፈልጎ አገኘው። አሁን ውስጡ ይኑር አይኑር አላውቅም። መክፈቱን አልችልበትም።"

ትከሻ ለትከሻ እየተነካካን የሄድናቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝ። ቦርሳ ያዘሉ የትምህርት ቤት ልጆች በመሐላችን ሾልከው ያልፉ ነበር። አፈሙዙ ያኔ ወዴት ዞሮ ነበር? እዚህ አገር ላይሰንስ ያለው ሰው እንኳ ከቤቱ ሳጥንና ከመተኮሻው ቦታ ውጭ ሽጉጥ ይዞ አይንቀሳቀስም። እሷ ላይሰንስም የላትም።

ለሐኪሙ ንገሪ፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪ፣ ለልጅሽ ንገሪ፣ ካልሆነ ለፖሊስ ደውይ አልኳት። "ካሰሩትማ ያ ራሱ ይገድለዋል" አለች። "በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ።" እኔ በእመብርሃን አልምልም፤ ግን ዝም አልኩላት።

በማግስቱ ስታንኳኳ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ባልከፍትላት ብቻዋን ትሄዳለች። ብትወድቅ፣ አንድ ነገር ቢባርቅባት ማን ያያታል? ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ መራመድ ይባል እንደሆን አላውቅም። እሷ በቀኝ ስትሆን እኔ በግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብዬ። ብስክሌት ደወል ሲያሰማ ሁለታችንም እንበረግጋለን። አንድ ጠዋት መንገዱ ከፊንች ጎዳና ጋር ከሚቃረብበት ቦታ የፖሊስ መኪና ቆሞ አገኘን። ወጣት ኦፊሰር ወርዶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። መመለስ አልቻልንም፣ አይቶናል። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አሳየን። ከጎረቤት ሕንፃ በቤት ጫማ ወጥተው ጠፍተዋል፣ አይታችኋቸዋል ወይ አለን።

"አላየንም" አልኩት።

እሷን ትኩር ብሎ አያት። ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

"እሷ ደኅና ናት?"

"ሆዷን አሟት ነው። አሁን ወደ ቤት እየወሰድኳት ነው።"

አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለ። አይ፣ ቤታችን ቅርብ ነው አልኩት። በረዶው ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ ብሎ ተመለሰ። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ማማው ሥር ሄዳ አስመለሰች።

"ወይ ነገ ማታ ለልጅሽ ትነግሪያታለሽ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ" አልኳት። እሺ አለች።

ያ ነገ ጉም የወረደበት ጠዋት ነበር። ከአንዱ ማማ ሥር ቆመን ቀጣዩ አይታይም። ድልድዩን እንዳለፍን ከኋላችን የእግር ድምፅ ሰማሁ። ስንቆም ይቆማል፤ ስንሄድ ይከተላል። ዞር ስል ኮፍያውን ፊቱ ላይ የደፋ ሰው ጥላ ብቻ አየሁ።

"ሰው አለ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ሰምቼዋለሁ። ቀጥይ።"

ፈጠን አልን። እርምጃው ተከተለን፤ አሁን አንድ እግሩን እየጎተተ ነው፣ ትንፋሹም ይሰማል። ከጎኔ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። ሳያት እጇ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል፣ ፊቷ የማላውቀው ሰው ፊት ሆኗል። የእጅ አንጓዋን በሁለት እጄ ጨመደድኩት። "ልቀቂኝ" አለች። አልለቀቅኳትም።

"አንቺ!" አለ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ። "አንቺ ሴት፣ ስለ ማርያም ቁሚ!"

ጋሼ ነበሩ። ከፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ እያነከሱ ከጉሙ ወጡ። የጎረቤቴ እጅ በእጄ ውስጥ ሲዝል ተሰማኝ። የማታውቀው ሌባ መስሏት ሽጉጥ ልታወጣ የነበረው ባሏ ላይ ነው።

"ስጪኝ አልልሽም" አሉ እጃቸውን ዘርግተው። "ብቻ መሬት አስቀምጪው። ሳጥኑ ጠዋት ጠዋት ባዶ መሆኑን ካወቅኩ ሰነበትኩ። ክኒኑን መዋጥ ትቼ ስትወጪ ስሰማ ከረምኩ። እኔን ማስታመም ሰልችቶሽ፣ አንድ ቀን እዚህ ወንዝ ዳር ወርደሽ ራስሽን ልታጠፊ ነው ብዬ..."

"እኔ?" አለች። "እኔ ነኝ? አንተ ነህ እንጂ! አንተ አይደለህም እንዴ?"

ጋሼ አይደለሁም አላሉም። አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

ጥይቱን ማውጣት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷ እኔን አየችኝ። "ጋሼ፣ አንቱ አይንኩት" አልኳቸው። እንዴት አድርጌ እንደደፈርኩ አላውቅም። ቅር አላላቸውም። "ልክ ነሽ" አሉ። "እንግዲያው እኔ የምልሽን አድርጊ። ጣትሽን ከምላጩ አርቂ። አፈሙዙን ወደ መሬት።" ድምፃቸው እንደ አስተማሪ ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። ሽጉጡን ከቦርሳዋ አውጥቼ ያሉኝን ቁልፍ ስጫን ጥይት የሚይዘው ክፍል እጄ ላይ ወደቀ፤ ሙሉ ነበር። "አሁን ከላይ ያለውን ወደ ኋላ ሳቢ" አሉኝ። ሁለት ጊዜ አቃተኝ፣ በሦስተኛው ሳብኩት። አንዲት ጥይት ተስፈንጥራ በረዶው ውስጥ ገባች።

ለመተኮስ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ማን እንዳዘጋጀው ማንም አልጠየቀም። ጋሼ በረዶው ላይ ያለችውን ቀዳዳ አዩ። ጎረቤቴም አየቻት። ጎንበስ ብዬ ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ጥይቱን እኔ ኪሴ ውስጥ፣ ሽጉጡን እሷ ቦርሳዋ ውስጥ አድርገን፣ ጋሼን መሐላችን አስገብተን በዝግታ ተመለስን። ልጅቷ ደውለንላት ከኮሌጅ መጥታ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰች፤ ከዚያም እንባዋን ጠርጋ ለፖሊስ ኮል ያደረገችው እሷ ናት። ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ባለበት ተዉት፣ እኛ እንመጣለን አሏት። መጥተው ሽጉጡንም፣ እኔ አስረክቤ የወጣሁትን ጥይትም ወሰዱ። የት ነበር የሚቀመጠው ሲሏቸው ጋሼ "በሳጥኑ" ብለው መለሱ። እኔ በዚያን ሰዓት አልነበርኩም፤ በኋላ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። በዚያው ሳምንት ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፣ ሆስፒታል አስተኟቸው። በገዛ አፋቸው ሁሉንም ለሐኪሙ ተናገሩ አለችኝ።

አሁን የከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስካርቦሮ ናቸው። የጎረቤቴ እህት እዚያ ስላለች፣ ጋሼ ብቻቸውን የሚውሉበት ሰዓት እንዳይኖር ብለው ሄዱ። ጋሼ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ወገባቸውም ሻል ያለ ይመስላል። ዳኑ ለማለት ግን አልደፍርም፤ እሷም አትደፍርም።

ባለፈው ሰሞን ደወልኩላት። ስለ ልጅቷ ሥራ አወራን፣ ስለ አዲሱ የፊንች ባቡር አወራን፣ ሳቅ ብላም ነበር። "ጋሼስ እንዴት ናቸው?" አልኳት።

"ተኝቷል" አለች። "ቆይ እስቲ።"

ስልኩን አስቀመጠችው። እርምጃዋ ከአጠገቡ ሲርቅ ሰማሁ፤ በር ቀስ ተብሎ ሲከፈትም ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ለጊዜው ምንም ድምፅ አልነበረም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

"ተኝቷል" አለችኝ ተመልሳ። "አዎ፣ ይተነፍሳል።"